ጫማችንን ያወለቅንበት ዓርብ

ወሬው የደረሰኝ እዚህ አሜሪካ፣ ካስትሮ ቫሊ፣ የማስታምማቸውን አዛውንት ቁርስ እያበላሁ ነው። ማንኪያው አፋቸው ሳይደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሳምና ዘጋሁት። ወዲያው ደግሞ ጠራ። ወንድሜ ደምሴ አከታትሎ የሚደውል ሰው አይደለም። ማንኪያውን አስቀመጥኩና አነሳሁት።

«እታለም፣ ሰናይት እግሯ አልታዘዝ ብሏታል» አለኝ።

«ወድቃ ነው?»

«አልወደቀችም። ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል አልቆም አላት። ለካ ደረጃ ስትወጣ ሲያደናቅፋት ከርሟል፤ ደብቃን ነው። ጓደኞቿ ተሸክመው ሆስፒታል ካስገቧት ሁለት ሳምንት ሊሆን ነው፤ እንዳትደነግጪ ብለን ነው እስካሁን ያልነገርንሽ።»

አዛውንቱ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ማንኪያውን አነሳሁ፤ ገንፎው ግን ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። እሳቸው መናገር ከተዉ ቆይተዋል። በዚያ ቀን ግን እጃቸውን ዘርግተው እጄ ላይ አኖሩት።

ሰናይት የሟች እህቴ ልጅ ናት። እኔ አልወለድኩም፤ ልጄ እሷ ናት ብል ማንም አይቃወመኝም። ትምህርቷን ጨርሳ አገር ቤት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ኮሪያኖች የከፈቱት የጫማ ፋብሪካ ስትቀጠር ስለት አስገብቻለሁ። ሥራዋ ሶል ማጣበቅ ነው። ቀኑን ሙሉ በብሩሽ ሙጫ ትቀባለች። «ሽታው ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ግን ይለመዳል» ብላኝ ነበር። እኔም «ይለመዳል» ብያት ነበር።

ያኔ እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አንድ ክፍል፣ ጽጌ ከምትባል የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ጋር ተዳብዬ ነው የምኖረው። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን። የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻዬን አስገብቼ ኢንተርቪው እጠብቃለሁ፤ ስለዚህ መንገድ እንኳ አረንጓዴ ካልበራ አልሻገርም። ሰልፍማ ጨርሶ አይታሰብም። በልጅነቴ ሰልፍ ሰው ሲወስድ እንጂ ሰው ሲመልስ አላየሁም።

ማታውን ሐኪሙን ራሱን አነጋገርኩት። ወጣት ነው፣ ትሑት።

«እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። ሙጫው ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ ኬሚካል ካለ ቢላዋ አያስፈልጋትም፤ ከሙጫው እናርቃታለን፣ ጊዜ እንሰጣታለን። አከርካሪዋን የተጫናት ነገር ካለ ግን ከፍቼ ማየት አለብኝ። ያደረግነው ምርመራ አልለየልኝም። ኦፕሬሽኑ ደግሞ ራሱ አደጋ አለው፤ ጭራሽ ላትቆም ትችላለች።»

«ፋብሪካውን ሙጫችሁ ምንድነው ብላችሁ አትጠይቁም?»

«ጠየቅን። የድርጅቱ ምሥጢር ነው አሉን።»

«እስከ መቼ መጠበቅ ይችላሉ?»

«እስከ ሰኞ። ከዚያ በላይ ብጠብቅና አከርካሪዋ ሆኖ ቢገኝ፣ ያኔ ጊዜው ያልፋል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆምኩ። አንድ ስም፣ የአንድ ፈሳሽ ስም ብቻ ነው የሚያስፈልገን። የሚያውቁት ሰዎች አሉ። አይናገሩም።

በማግሥቱ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሴት ናት፣ በእንግሊዝኛ። «ሰናይት የምትባል ዘመድ አለሽ?»

«ማን ልበል?»

«ሚና እባላለሁ። ኮሪያዊት ነኝ፣ እዚሁ ኦክላንድ ነው የተወለድኩት። ስለ ሰናይት...»

ጠረቀምኩባት። እዚህ አገር ዘመድሽ ታመመ ብሎ የሚደውል ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው የባንክ ቁጥር ነው። ደግሞ ኮሪያዊት! ልጄን የጣሏት ማን ሆኑና? ትንሽ ቆይቶ ግን ቪዲዮ ተላከልኝ። ሰናይት ናት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ጸጉሯ ሳይሠራ። «አክስቴ፣ ልጅቷን አንሺላት እባክሽ። ስካም እንዳትያት። የላኳት ሰዎች እኛ ጋ መጥተው ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶል ላይ አብራት የምትሠራ ልጅ የሰናይትን እግር በስልኳ ቀርጻ፣ ሴኡል ላለ አንድ ማኅበር ልካ ኖሯል። ማኅበሩ ውጭ አገር የሚከፈቱ የኮሪያ ፋብሪካዎችን የሚከታተል ነው። ከማኅበሩ አንድ ሰው ቲኬት ቆርጦ ኢትዮጵያ ገባ፤ ደምሴን አገኘው፤ አክስቷ ኦክላንድ እንዳለች ሰማ። ሴኡል ያለው ዋና መሥሪያ ቤት በሩን ዘጋባቸው። ጫማውን የሚገዛው ኩባንያ ግን ቢሮው ሳን ሆዜ ነው። ፋብሪካውን ተናገር ብሎ ማዘዝ የሚችል እሱ ነው። በደብዳቤም በስልክም ጠይቀው መልስ አጡ። እነ ሚና ዓርብ በሩ ላይ ሊሄዱ ነው፤ በዚያው ሰዓት ሴኡል ያሉትም ዋናው መሥሪያ ቤት በር ላይ ይቆማሉ።

ለጽጌ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ባለፋብሪካውም ኮሪያ፣ ሰልፈኛውም ኮሪያ! እርስ በርሳቸው ተነጋግረው አይጨርሱትም? አንቺን እዚያ ምን ጎለተሽ?»

«የሰናይት ጉዳይ እኮ ነው።»

«የሰናይት ጉዳይ ነው፤ ኢንተርቪውሽስ? ፖሊስ ፎቶ ቢያነሳሽስ? ቆይ፣ አንቺ ቀይ መብራት ሲበራ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለሽ የምትደነግጪ ሴት!»

እውነቷን ነው። ቢሆንም ሐሙስ ከሺፍቴ ስወጣ ሚና የሰጠችኝ አድራሻ ሄድኩ። ከቤቴ በእግር ይደረሳል፤ ለካ ስንት ዓመት በሩ ላይ አልፌበታለሁ። ከበሮ የሚለማመዱበት አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። እኔም የኔን አውልቄ ከጎኑ ሳኖር፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለሆነብኝ ነው መሰለኝ፣ ፍርሃቴ ትንሽ ለቀቀኝ።

ሚና እጄን ይዛ ወደ አንዲት አጭር፣ ጸጉራቸው ነጭ የሆነ ባልቴት ወሰደችኝ። «የሱጂን እናት ናቸው። ከኮሪያ የመጡ ናቸው» አለችኝ። በስማቸው አይጠሩም፤ በልጃቸው ነው። እኛ ዘንድም የእገሌ እናት ይባል የለ?

ብሉ ብለው ምግብ አቀረቡልኝ። ሁዳዴ ነውና የእንስሳ ነገር እንደማልበላ፣ ገና ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መሆኑንም ነገርኳቸው። የሱጂን እናት ሲተረጎምላቸው ሁለት የተቀቀለ ስኳር ድንች በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። «ሰዓቱ ሲደርስ» አሉኝ።

«ሱጂን የት ናት?» ብዬ ጠየቅኩ፤ እንዳይጎዳቸው መጀመሪያ ሚናን መጠየቅ ነበረብኝ።

«ሱጂን የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ነበረች» አሉ፣ ሚና እየተረጎመችልኝ። «በፈሳሽ ነገር እያጠበች ታመመች። የፈሳሹን ስም ጠየቅኩ። ምሥጢር ነው አሉኝ። ስሙን ሳላውቅ ቀበርኳት።»

ያንኑ ቃል። ሐኪሙ ስለ ሰናይት ሙጫ የነገረኝን ያንኑ ቃል።

«ታዲያ ለኔ ልጅ ምን ብለው መጡ? አያውቋት፣ አታውቅዎት።»

ወደ ጥግ አመለከቱኝ። ሦስት አሮጊቶች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ፈረንጅ፣ አንዷ ሜክሲኳዊት። «እነዚያ የሳን ሆዜ ሴቶች ናቸው። ድሮ እዚህ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠርተው የታመሙ ናቸው። እኔ ብቻዬን ደጅ በምጠናበት ጊዜ ሰምተው ኮሪያ ድረስ መጡ። ቋንቋዬን አይችሉም። አጠገቤ ቆሙ፣ በቃ፣ ሌላ አይደለም። አሁን ተራው የኔ ነው።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔ እኮ ኮሪያ ሲባል አንድ ፋብሪካ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ከዚያ የዓርቡን አካሄድ አስረዱኝ። መፈክር እየጮኹ አይደለም የሚሄዱት። ሦስት እርምጃ ይራመዳሉ፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ በግንባራቸው ይሰግዳሉ። ይነሳሉ፤ ሦስት እርምጃ፤ ስግደት። የተጀመረው ከቡዲስት መነኮሳታቸው ነው፤ አሁን ግን ፓስተሩም፣ ሃይማኖት የለኝም ባዩም ያደርገዋል።

ደነገጥኩ። «ለማን ነው የሚሰገደው?» አልኩ።

ሚና ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንደየሰዉ ነው። አንቺ ግን ካልፈለግሽ ፎቶዋን ይዘሽ ከጎን ትሄጃለሽ። ቤተሰብ መኖሩ ይበቃናል።»

ቤት ስደርስ የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ከላይ እስከ ታች ሰሙኝ። «አባቴ፣ ስግደት ለእግዚአብሔር ነው ብለው አስተምረውኛል። ከእነሱ ጋር ብወድቅ ለማን ሰገድኩ ይባላል?»

በክርስትና ስሜ ጠርተው «ወለተ ማርያም፣ አንቺ ስትሰግጂ ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው ሳን ሆዜ ስትደርሺ አትርሺው። ሌላውን ለእሱ ተይው።»

ቢሆንም ልቤ አልቆረጠም። ከጎን እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ዓርብ ሳን ሆዜ ካለው የባቡር ፌርማታ ተነሳን። ሃያ አንሞላም። ግራጫ ልብስ የለበሱ መነኩሴ፣ ፓስተር፣ ተማሪዎች፣ የሱጂን እናት፣ ሦስቱ የሳን ሆዜ ሴቶች፣ ሁለቱ በምርኩዝ። ከፊት ሚና እንደ ትሪ ሰፊ የሆነ የናስ ደወል ይዛለች። አንዴ ስትመታው ድምፁ በሆድ ውስጥ ያልፋል። በደወሉ ይወድቃሉ፣ በደወሉ ይነሳሉ። አንድ ፖሊስ በሞተር ሳይክል ከጎናችን እያዘገመ ነው። እኔ የሰናይትን ፎቶ በደረቴ አቅፌ፣ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ እሄዳለሁ፤ ፊቴ በካሜራ እንዳይገባ።

መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። አንዱ መስኮት ከፍቶ «ተነሱ! ሥራ የላችሁም?» ብሎ ጮኸ። ማንም ቀና አላለም።

በሩ ላይ ስንደርስ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ከሁለት ዘበኞች ጋር ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ፈገግ እያለ ነው የተናገረው። «ሐዘናችሁን እንረዳለን። ግን የሙጫው ይዘት የፋብሪካው ንብረት ነው፤ እኛ አናውቀውም። ቅጥሩ የግል ይዞታ ስለሆነ ከእግረኛ መንገዱ አትለፉ።» ገባና በሩ ተዘጋ።

ያለቀ መሰለኝ። የሱጂን እናት ግን ምንም እንዳልሰሙ ዞሩና በሩ ፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ አዲስ ጀመሩ። ሦስት እርምጃ፤ ወደቁ። ሲነሱ መሬቱን በሁለት እጃቸው እየገፉ ነው። በወደቁ ቁጥር ደግሞ መሬቱን አንድ ነገር ይሉታል። ወደ ሚና ጠጋ ብዬ «ምን እያሉ ነው? ጸሎት ነው?» አልኳት።

ሚና ደወሉን መታች፣ አዳመጠች። «አይ፣ ስም ነው። ሰናይት ነው የሚሉት። ከፌርማታው ጀምሮ።»

ቀጥሎ ሲወድቁ ጆሮዬን ጣልኩ። «ሰ-ና-ይ-ቱ» አሉ፣ ግንባራቸው መሬት ላይ ሆኖ። የራሳቸውን ልጅ ስም አልነበረም የሚጠሩት። የኔን ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ፎቶዋን ግንቡ ላይ አስደገፍኩ። ነጠላዬን ከግንባሬ አነሳሁ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጫማ አድርጌ ሰግጄ አላውቅማ። ጥንዱን አስተካክዬ በሩን እንዲያይ አኖርኩትና ከሱጂን እናት አጠገብ ገባሁ።

ደወሉ ሲመታ እኔ ገና እያማተብኩ ነው። እነሱ ወድቀው ሲነሱ እኔ ገና ስወድቅ ነው። የኛ አሰጋገድና የእነሱ አይገጥምም፤ እነሱ በጉልበት ጀምረው መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ይገለብጣሉ፤ እኛ አማትበን፣ በእጃችን ተደግፈን ግንባራችንን እናሳርፋለን፣ ስንነሳም እናማትባለን። ሰልፉ በሙሉ እኔ እስክነሳ ቆመ። አፈርኩ። ላማትብ ነው ላላማትብ እያልኩ ስጨነቅ ደወሉ ዘገየ። ሚና በዓይኗ ጥግ እያየችኝ ነው። እጄ ከግንባሬ ተነስቶ ትከሻዬን እስኪጨርስ ድረስ ጠብቃ ነው የምትመታው። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ በእኔ ማማተብ ልክ ይወድቅ ይነሳ ጀመር። መነኩሴው ሳይቀሩ! እግዚአብሔርን የፈራሁት ያኔ ነው፤ እንደ መፍራት ያለ ደስ የሚል ፍርሃት።

በመሐል አንድ ተማሪ ጫማዬን አየ። ለጎረቤቱ አንሾካሾከ። እሱም ጎንበስ ብሎ የራሱን አወለቀ፤ ከኔ ጎን አኖረ። ከዚያ ፓስተሩ። ከዚያ የሳን ሆዜ ሴቶች፣ ምርኩዛቸውን እየተቀባበሉ። መነኩሴው። የሱጂን እናት በመጨረሻ፣ ትንንሽ የጎማ ጫማቸውን። የጫማ ኩባንያ በር ላይ፣ ሁሉም በሩን እያየ፣ ባዶ ጫማ ተደረደረ። ለምን እንደሚያወልቁ አልገባኝም ነበር። ሚና አንድ እጇን አስለቅቃ ሁሉን ሴኡል ላሉት በቪዲዮ ታሳይ ነበር።

ቀና ስል ፎቁ መስኮት ላይ ሰው ተሰብስቧል። አንዱ ስልኩን ደግኗል፣ አንዷ አፏን በእጇ ይዛለች።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አንዲት የቢሮ ሴት ወጣች፤ የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው ጠራት፤ አልዞረችም። ግራጫ ጫማዋን አወለቀች፣ ከኛ ጋር አሰለፈችው፣ ከሰልፉ መጨረሻ ገብታ ሰገደች። እንዴት እንደሚሰገድ አታውቅም፤ እንደ ሕፃን ነው የወደቀችው። ጥቂት ጊዜ ሰገደች። ከዚያ ተነስታ በባዶ እግሯ ተመልሳ ገባች።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ባለከረባቱ ሰውዬ እንደገና ወጣ። ፈገግታው የለም። ወደ ሚና ሄዶ አንድ ቃል ተናገረ። ሚና ደገመችው። ከዚያ ወደኔ ሮጣ መጣች።

«ሄክሴን! ሙጫው ውስጥ ያለው ሄክሴን ነው! ሐኪሙ ጋ ደውዪ!»

እዚያ ገና ሊነጋ ነው። ደምሴ ሐኪሙን ቀሰቀሰው። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ፊደሉን እየቆጠርኩ ነገርኩት። ሐኪሙ እየደገመ ጻፈው።

«እናቴ» አለኝ፣ «ቢላዋ የለም። ነርቭ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመለሳል። አንከፍታትም።»

እዚያው መሬት ላይ ወደቅኩ። ያንን ስግደት ግን ደወል አልጠበቅኩበትም። የሱጂን እናት አጠገቤ ተንበርክከው ጀርባዬን ያሻሹኝ ነበር። እሳቸው የዚያን ፈሳሽ ስም ለራሳቸው ልጅ አላገኙም። ለኔ ልጅ ተገኘ ብለው ነው የሚያለቅሱት። ይህን የመሰለ ነገር በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

ስኳር ድንቹን አስታወስኩ። ባቡር ስንጠብቅ ከሚና ጋር ተካፈልነው። ሚና ስታኝክ «ስሚ፣ የጫማውን ሐሳብ ከየት አመጣሽው? ሴኡል ያሉት አይተው እነሱም በር ላይ አውልቀዋል! ለጫማ ፋብሪካ ከዚህ የበለጠ ምን መልስ አለ?» አለችኝ።

«የምን ሐሳብ?» አልኩ። «ጫማ አድርጌ ሰግጄ ስለማላውቅ ነው እንጂ።»

ሚና ይህንኑ ለሱጂን እናት ተረጎመችላቸው። ባልቴቷ ፌርማታው ላይ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ጽጌ በማግሥቱ ቪዲዮውን አየችው። «ፊትሽን በነጠላሽ እንኳ በቅጡ አልሸፈንሽውም፤ መላ አሜሪካ አየሽ» አለችኝ። ከዚያ ቪዲዮውን ደግማ ከፈተችው። ኢንተርቪውም ደርሶ አለፈ፤ ሰልፍ ወጥተሻል ወይ ያለኝ የለም።

ሰናይት ዛሬ ትራመዳለች። መጀመሪያ በሰው፣ ከዚያ በምርኩዝ፣ አሁን ብቻዋን፤ ደረጃ ላይ ግን መደገፊያውን ትይዛለች። ሙጫው ተቀይሯል ተብሏል። ከሷ መስመር ሌሎች ሁለት ልጆች ግን ገና አልጋ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ አልቋል አልላችሁም። ሐሙስ ሐሙስ እኔም አዳራሹ እሄዳለሁ። አሁን ከቬትናም አንዲት እናት ጽፋልናለች። ቋንቋዋን አልችልም። አጠገቧ መቆም ግን እችላለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ብዙ ዓመት ጸሎቴን በቤቴ፣ ፍርሃቴን በመንገድ ይዤ ኖሬያለሁ። እግዚአብሔር መልስ ሲሰጥ በማውቀው ፊት፣ በማውቀው ቋንቋ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የማላውቃት ባልቴት የልጄን ስም ለአስፋልት ስትነግር ከሰማሁ በኋላ እንደዚያ አይመስለኝም።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያን ዕለት ማታ ጫማችንን ስንለቅም አንድ ጥንድ ቀረ። የዚያች የቢሮ ሴት ግራጫ ጫማ ነው። አልመጣችም፤ ዘበኛውም በሩን ቆልፎ ሄዷል። ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ውስጡን ሳይ በኢትዮጵያ የተሠራ ይላል። ሰናይትን በቪዲዮ አሳየኋት፤ ሶሉን በጣቷ እየጠቆመች ብዙ አየችው። «የኛ ነው አክስቴ» አለችኝ። «የኔ እጅ ይሁን የሌላ አላውቅም። የኛ ግን ነው።»

ሴትዮዋ ገብታ ምን እንዳለቻቸው፣ ከዚያስ ሥራዋ ምን እንደሆነ አላውቅም። ስሟንም አላውቅም። በዚያ ዓርብ እዚያ የነበራችሁ፣ ሕንፃው ውስጥ የምትሠሩ፣ ፓርኪንጉን የምትጠብቁ፣ መስኮት ላይ ቆማችሁ ስልክ የደገናችሁ፣ በመኪና ስታልፉ ጥሩንባ የነፋችሁም ብትሆኑ፣ የምታውቋት ካላችሁ ንገሯት። ልጅቷ ቆማ እየሄደች ነው በሏት። ስሟን ላኩልኝ፤ ስሰግድ በስሟ ልጠራት እፈልጋለሁ። ጫማዋ እኔ ጋ ነው፤ በሩን እንዲያይ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።